ለእናቴ ሲንጀር የተቆረጠ አንድ ብሎን፦ ስለ አንድ የአዳማ ቶርኖ ቤት

የእናቴ የስፌት መኪና ወፍራም ጨርቅ ባጋጠማት ቁጥር መዘውሩ ብቻውን እየዞረ መርፌው ባለበት ተተክሎ መቅረት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ስስ ጨርቅ ላይ ምንም እንከን አይታይባትም፤ የጂንስ ሱሪ እግር ሲቀመቀም ወይም የተማሪ ቦርሳ ማንገቻ ሲጠገን ግን ቺንጋው ይዞራል፣ መዘውሩም ይዞራል፣ መርፌው ጨርቁን ነክቶ ይቆማል። ይህ ጽሑፍ ያንን ችግር ስላስወገደው ብሎንና ብሎኑን ስለሠራው የአዳማ ቶርኖ ቤት ነው፤ ቶርኖ ብረትን እያሽከረከረ በስለት የሚቆርጥ መኪና ነው። ቤቱ በሩ ላይ የተጻፈ ስም የለውም፤ ጋራዦቹ ከተደረደሩበት መንገድ ገባ ብሎ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያለው ሲሆን፣ የሰፈሩ ባጃጆች «ሽማግሌው ቶርኖ ቤት» ሲባሉ ሳይጠይቁ ያደርሳሉ።

መኪናዋ 15ኬ የሚባለው የሲንጀር ዓይነት ናት። «ኬ» የተባለው ፊደል ኪልቦዊን ያመለክታል፤ ይኸውም ስኮትላንድ ውስጥ ግላስጎው አጠገብ፣ በክላይድባንክ ከተማ የነበረው ግዙፉ የሲንጀር ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1980 ስለተዘጋ፣ ለእንዲህ ዓይነቷ መኪና «ከካምፓኒው የመጣ» መለዋወጫ እሸጣለሁ የሚል ነጋዴ ቢገኝ ቃሉን በጥርጣሬ መስማት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የ15 ንድፍ በጃፓንም በቻይናም በብዛት የተቀዳ ከመሆኑ የተነሣ፣ እኛም በተርፍላይ እያልን የምንጠራት የቻይና መኪና የዚሁ ዘር ስለሆነች፣ መርፌው፣ ቦቢኑና የቦቢኑ ቤት በአዳማ ገበያ ያለ ችግር ይገኛሉ። እኛም መጀመሪያ የሞከርነው የበተርፍላይን ብሎን ነበር። አልያዘም፤ ጥፋቱም የብሎኑ አልነበረም።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ የአሠራሩን ነገር በአጭሩ ላስረዳ። በመዘውሩ መሐል ላይ በጣት የሚጠብቅና የሚላላ ሰፊ ራስ ያለው ብሎን አለ። ሲጠብቅ መዘውሩን መርፌውን ከሚያንቀሳቅሰው የላይኛው ዘንግ ጋር ያቆራኘዋል፤ ሲላላ ደግሞ መዘውሩ በነፃ ይሽከረከርና መርፌው ሳይነቃነቅ ቦቢን ለመጠንጠን ያስችላል። በብሎኑና በመዘውሩ መካከል ወደ ውጭ ሦስት ጆሮ፣ ወደ ውስጥ ደግሞ ሁለት ጥርስ ያላት ሮንዴላ፣ ማለትም ስስ የብረት ቀለበት፣ ትቀመጣለች። እዚህ ላይ ገንዘብ የሚያድን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ይህች ሮንዴላ ተገልብጣ ወይም ግማሽ ዙር ዞራ ከተገጠመች መዘውሩ ልክ እንደ እኛው ይንሸራተታል፤ ስለዚህ መኪናችሁ ይህን ጠባይ ካሳየች ወደ የትኛውም ቶርኖ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አውጥታችሁ ግማሽ ዙር አዙራችሁ ሞክሩ። ከአሥር መኪና ስንቷ በዚህ ብቻ እንደምትድን ቆጥሬ አላውቅም፤ የእናቴ ጎረቤት መኪና ግን ድናለች።

የእኛ ግን ሮንዴላዋን ብናገላብጥም አልዳነችም። ከዓመታት በፊት አንድ ጠጋኝ ዋናው ብሎን ጥርሱ ማለቁን አይቶ ከብረታ ብረት ሱቅ የተገዛ ተራ ብሎን አምጥቶ ነበር። ብሎኑ መጀመሪያ ሁለት ዙር ያህል በእጅ ገባ፤ ከዚያ እንቢ ሲል ጠጋኙ በፒንሳ ይዞ እየጮኸ አስገባው። እናቴ ያን ድምፅ እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች፤ «ብረት ሲያለቅስ ሰማሁ» ትላለች። ብሎኑ ለጥቂት ወራት ይዞ ቆየ፤ ከዚያ የዘንጉን የውስጥ ጥርስ ገንጥሎ ራሱም ላላ። መልካምነቱ እናቴ ምንም ነገር የማትጥል ሰው በመሆኗ አሮጌው የሲንጀር ብሎን በመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከአዝራሮችና ከተሰበሩ መርፌዎች ጋር ተቀምጦ ተገኘ።

ወደዚህ ቤት ከመድረሳችን በፊት ሁለት ቦታ ጠይቀናል። አንደኛው መዘውሩን ከዘንጉ ጋር በብየዳ አንድ እናድርገው አለን፤ ይህ መርፌውን በእርግጥ ያዞራል፣ ነገር ግን እናቴ ቦቢን በጠነጠነች ቁጥር መርፌው በከንቱ ሲወጣና ሲወርድ ይኖራል፣ ከዚያም በላይ መዘውሩን ለማውጣት ሲፈለግ በመጋዝ ካልሆነ አይወጣም። ሁለተኛው ቀዳዳውን በሰፊው በስቶ ከሱቅ የሚገዛ ትልቅ ብሎን ሊያስገባ ፈለገ። ሐሳቡ ፈጽሞ የማይሆን አልነበረም፤ ነገር ግን ሰውየው ዘንጉን አላየም፣ አልለካም፣ ዋጋውን ብቻ ነገረን።

ሽማግሌው የቶርኖ ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን ምንም አልሠሩልንም። እኔ አሮጌውን ብሎንና መዘውሩን ብቻ ይዤ ሄጄ ነበር። ብሎኑን በጨርቅ ጠርገው ወደ ብርሃን አዙረው ካዩ በኋላ «ቀዳዳውን ሳላይ አልቆርጥም፤ መኪናዋን ይዘህ ና» ብለው መለሱልኝ። በማግሥቱ የመኪናዋን ራስ ከጠረጴዛው ነቅለን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ከእናቴ ጋር በባጃጅ ተሸክመን ሄድን። ቀዳዳውን በትንሽ የእጅ ባትሪ አዩና ቀና ብለው «እትዬ፣ ይህን በፒንሳ ያጠበቀው ማን ነው?» አሏት። እናቴም «ተወው ወንድሜ፣ ያለፈ ነገር ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ጠጋኙ ዳግመኛ አልተነሣም።

የሥራው ፍሬ ነገር ያለው ከዚህ በኋላ በተደረገው ልኬት ላይ ስለሆነ በዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ። ባለሙያው አሮጌውን ብሎን በግራሶ ቀባ አድርገው ወረቀት ላይ በሚገባ ተጫኑት፤ በወረቀቱ ላይ የጥርሶቹ መስመር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድሮ ወጣ። መስመሮቹን በኢንች ማስመሪያ ቆጠሩ። ቀጥለው እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ያሉትን የጥርስ መለኪያ አወጡና አንዱን ቅጠል ካልተበላው የብሎኑ ክፍል ላይ አስቀምጠው ወደ በሩ ብርሃን አነሡት። ብርሃን በጥርስና በቅጠሉ መካከል ካላለፈ ልኩ ያ ነው። መጀመሪያ ያስቀመጡት የሚሊሜትር ቅጠል ከዳር ገጥሞ ከመሐል ብርሃን አሳለፈ፤ የኢንቹ ቅጠል ግን ከዳር እስከ ዳር ዘጋው። «ያየኸው እንደሆነ፣ እዚህ ጋ ነው የተሳሳተው» አሉኝ።

ስሕተቱ እንዴት ያለ እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። ለምሳሌ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ ያለው ቀዳዳ ቢኖር፣ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለሆነ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.058 ሚሊሜትር ይሆናል። እዚህ ቀዳዳ ውስጥ የጥርሱ ርቀት 1 ሚሊሜትር የሆነ ብሎን ቢገባ ልዩነቱ በአንድ ዙር የጸጉር ውፍረት ያህል ነውና እጅ አይሰማውም፤ በስምንተኛው ዙር ግን ወደ ግማሽ ሚሊሜትር ይጠጋል፤ ያን ጊዜ የብሎኑ ጥርስ የሚያርፈው በቀዳዳው ጎድጓዳ ላይ መሆኑ ቀርቶ በቀዳዳው ጥርስ ጫፍ ላይ ይሆናል። ብሎን በእጅ ሁለት ዙር ገብቶ ከዚያ እንቢ ሲል የሚናገረው ይህንኑ ነው። የድሮ የስፌት መኪኖች ብሎኖች ደግሞ ከሱቅ በምንገዛቸው የሚሊሜትር ብሎኖች ልክ ያልተሠሩ፣ ብዙዎቹም ከተለመደው የኢንች ልክ እንኳ የሚለዩ ስለሆኑ፣ ከብረታ ብረት ሱቅ የተገዛ ብሎን በጉልበት ማስገባት ሁልጊዜ የሚያበላሸው ዘንጉን ነው።

የባለሙያው ቶርኖ አሮጌ ነው፤ ጥርስ ሲቆረጥ ስለቱን የሚጎትተው መሪ ዘንጉም በሚሊሜትር የተሠራ ነው። በእንዲህ ያለ ቶርኖ የኢንች ጥርስ ለመቁረጥ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የነበረ አንድ ትልቅ ማርሽ አወረዱ። ጥርሱን ቁጠር አሉኝ፤ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ በሦስተኛው 127 አገኘሁ። 127 ማለት 25.4 አምስት ጊዜ ሲባዛ የሚመጣው ቁጥር ነው፤ በሌላ ቁጥር የማይካፈል በመሆኑም ከኢንች ወደ ሚሊሜትር ያለ ምንም ስሕተት ለማሻገር ከዚህ ያነሰ ማርሽ አይበቃም። ሌሎች ማርሾች ወደ ልኩ የሚጠጋ ነገር ይሰጣሉ፤ እሳቸው ግን «ለውሃ ቧንቧ ቢሆን በተጠጋጋ እሠራልህ ነበር» አሉ። ሙያውን የጀመሩት በወጣትነታቸው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ወርክሾፕ እንደሆነ የነገሩን ይህን ማርሽ ሲያጠልቁ ነው። ወንጂ በሆላንዶቹ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት የጀመረ ስለሆነ፣ በዚህ አካባቢ የአንድ ትውልድ የብረት ባለሙያ የእጅ ሥራ ሥሩ ሲቆፈር ብዙ ጊዜ ወደዚያ ወርክሾፕ ይደርሳል።

ብሎኑን ከመቁረጣቸው በፊት ግን ቀዳዳው መታረም ነበረበት። ዘንጉን ከመኪናዋ ማውጣት የመኪናዋን ሆድ መበተን ስለሚሆን አልፈለጉም። የመረጡት መንገድ ለእኔ ያልጠበቅሁት ነበር፤ ለዚህች አንዲት ቀዳዳ ብቻ የሚሆን የጥርስ ማውጫ በራሳቸው እጅ ሠሩ። ከአሮጌ የመኪና ሱስታ የተቆረጠ ብረት በከሰል አግለው፣ በአመድ ውስጥ እስኪበርድ አሳድረው ካለሰለሱት በኋላ፣ ቶርኖው ላይ አስረው ከዋናው ልክ በጥቂቱ የሚወፍር፣ የጥርሱ ርቀት ግን ያው የሆነ ጥርስ ቆረጡበት። በዚህ አቆራረጥ መሪ ዘንጉን የሚይዘውን መያዣ በየዙሩ ማላቀቅ አይቻልም፤ ከተላቀቀ ስለቱ የራሱን ፈለግ ያጣል። ስለዚህ በየቁርጡ ሞተሩን ወደ ኋላ እያዞሩ ስለቱን ወደ መነሻው ይመልሳሉ፤ ጥቂት ያስገባሉ፤ እንደገና ይቆርጣሉ። እኔ ሃያ ጊዜ ያህል ቆጥሬ ተውኩት።

በዚህ መሐል መብራት ጠፋ። አዳማ ነውና ማንም አልደነገጠም። ባለሙያው እጃቸውን ከመያዣው ላይ አንሥተው «ማንም እንዳይነካው» ብለው ወጥተው ሻይ ጠጡ፤ መብራቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ ሲመጣ ስለቱ በዚያው ፈለግ ውስጥ ሳይዛነፍ ቀጠለ። መያዣውን አላቅቀው ቢሆን ኖሮ ብረቱ ከሰል ላይ እንደገና ይጀመር ነበር።

የማጠንከሩን ሥራ በቅርበት አይቼዋለሁ። በተቆረጠው ብረት ላይ በርዝመቱ ሦስት ቦይ በሞረድ አወጡና በከሰል እሳት ውስጥ ከተቱት። ብረቱ ቀልቶ ከበቂው ሙቀት መድረሱን የሚያውቁት በዓይን ብቻ አይደለም፤ ከአሮጌ የራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት አጠገባቸው አለ፤ ብረት በበቂ ሲግል ማግኔት አይስበውም። ማግኔቱ መሳብ ሲያቆም ጥቂት አቆይተው ዘይት ውስጥ ነከሩት። እንደዚያው ቢተው እንደ ብርጭቆ ስለሚሰበር፣ አንዱን ጎኑን በወረቀት ሞረድ አብርተው በዝግታ እንደገና አሞቁት፤ የበራው ገጽ የገለባ መልክ እንዳመጣ ከእሳቱ አወጡት። ያ መልክ የሚመጣው ወደ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የመኪናዋን ቀዳዳ በግራሶ ሞሉ፤ ግራሶው ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይይዘዋል። ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያሉ በእጃቸው ብቻ ጥርሱን አደሱት። ድምፅ አልነበረውም። እናቴ ጆሮዋን ወደ መኪናዋ አስጠግታ ቆይታ «አሁን አላለቀሰችም» አለች።

ብሎኑ ራሱ ከዚህ በኋላ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ከአዲሱ ቀዳዳ ልክ ጋር እያስተያዩ ቆረጡት፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዙሮች ስለቱን በጭራሽ ሳያስገቡ በዚያው ፈለግ ላይ አመላልሰው አለሰለሱት። ሲገጠም ያለ መንቀጥቀጥ በሁለት ጣት እስከ መጨረሻው ይገባል፤ አዲስ የቆርኪ ጠርሙስ የሚከፈትበትን ዓይነት ጥርትርት ያለ ስሜት አለው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እናቴ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ ያደረገችው አራት እጥፍ ጂንስ ከመርፌው ሥር ማስገባት ነበር። አለፈ። ቀጥላ ብሎኑን አላልታ ቦቢን ጠነጠነች፤ መርፌው አልተነቃነቀም።

ከመልክ አንፃር ብሎኑ አያምርም። የራሱ ዙሪያ በጣት እንዲያዝ የተሸነተረበት ሽንትር ያልተስተካከለ ነው፤ በአንድ በኩል ጠልቆ በሌላው ሳስቷል። ባለሙያውም ይህን አልደበቁም፤ ማሻከሪያቸው ያረጀ መሆኑን አስቀድመው ነግረውናል። እንደ ዋናው የሚያብረቀርቅ ሽፋን ስለሌለውም በየጊዜው በጨርቅ የስፌት መኪና ዘይት ካልተነካካ ዝገት ይይዘዋል። የመኪና ሞተር ዘይት እንዳትጠቀሙ፤ ቆይቶ ይወፍርና ዘንጉን ያከብደዋል።

የአገልግሎቱ ጉድለት ግን ከሽንትሩ የሚበልጥ ነው። በአራት ቀን ይደርሳል የተባለው ሥራ ዘጠኝ ቀን ወስዷል፤ ለዚህ መብራት የሚጠየቀው ለሁለቱ ቀን ብቻ ነው፤ የቀረው በመሐል የገባ የወፍጮ ዘንግ ጥገና ነበር። ስልክ ደውሎ የሚያሳውቅ ሰው የለም፤ እኔ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ዋጋው 2,500 ብር በቃል ተነግሮን፣ ግማሹን ቀብድ ከፍለን፣ ደረሰኝም ሆነ የተጻፈ ነገር ሳንቀበል ወጥተናል። ዋጋው በመጨረሻው ቀን ሳይጨምር መቅረቱን ለባለሙያው ክብር እመሰክራለሁ፤ ነገር ግን ይህ በሰውየው ጠባይ ላይ እንጂ በአሠራሩ ላይ የቆመ መተማመኛ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ለደንበኛ መቀመጫ የለም፤ እናቴ የቆመችው የብረት ፍርፋሪ በተከመረበት ጥግ ላይ ነው። ከሁሉም የከፋብኝ ባለሙያውም ሆኑ ረዳታቸው ወጣት ያለ መነጽር መሥራታቸው ነው። የሚበረው ቁራጭ ብረት ትኩስና ስለታም ነው፤ በስንት ዓመት የተገነባ ሙያ በአንዲት ቅጽበት ዓይን ውስጥ ሊገባ በሚችል ፍንጣሪ ምክንያት መቅረቱ አይገባኝም። ይህንኑ ስላቸው ሳቁና መነጽሩን ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩኝ፤ አቧራ ለብሷል።

ይህን ሁሉ ተናግሬም ቢሆን ቤቱን እመክራለሁ፤ የምመክርበት ምክንያት እምቢ ማለት የሚያውቁ መሆናቸውን ስላየሁ ነው። ብሎናችን ቶርኖው ላይ ሳለ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር የተሰበረ የጎማ ብሎን ይዞ መጣና እንዲቆርጡለት ለመናቸው፤ ጂቡቲ መንገድ ላይ እንደቸኮለ ይናገራል። ባለሙያው የተሰበረውን ብሎን አገላብጠው የጥንካሬ ቁጥሩን 10.9 አሳዩትና ይህን የሚያህል ጥንካሬ ያለው ብረት እጄ ላይ የለም፣ ቢኖርም የማጠንከሩ ልክ በከሰል አይመጣም፣ ሱቅ ሄደህ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ግዛ አሉት። ሹፌሩ ተቆጥቶ ወጣ። ለእናቴም ከመርፌው ሥር ክሩን የሚይዘው የመኪናዋ መንጠቆ ማርጀቱን ነግራቸው እሱንም ይሥሩልኝ ስትላቸው «እትዬ፣ የበተርፍላዩ ይገጥምልሻል፤ ለእሱ ለእኔ ገንዘብ አታባክኚ» ብለዋታል። ገጥሟል።

ስለዚህ ከገበያ የሚገኝ ዕቃ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ራሳቸውም ይመልሷችኋል። ሊገኝ የማይችል ክፍል ካላችሁ ደግሞ የተሰበረውን ቁራጭ ብቻ ሳይሆን የሚገባበትን አካል ጭምር ይዛችሁ፣ ከተነገራችሁ ቀን በእጥፍ እንደሚቆይ አስባችሁ፣ ዋጋውን እዚያው ወረቀት ላይ አጽፋችሁ ሂዱ። ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮው ጣሪያ የአዳማን ፀሐይ እንዳለ ያወርደዋል። እሑድና በበዓላት ዝግ ነው።

ልንወጣ ስንል ባለሙያው ያንን በእጃቸው የሠሩትን ጥርስ ማውጫ በዘይት በራሰ ጨርቅ ጠቅልለው ለእናቴ ሰጧት፤ ለሌላ ሥራ እንደማይሆናቸው፣ ቀዳዳው ወደፊት ቢቆሽሽ ግን እሷው ይዛው እንድትመጣ ነገሯት። አሁን በመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ከአሮጌው ብሎን ጎን፣ ከአዝራሮቹና ከተሰበሩት መርፌዎች ጋር ተቀምጧል።